ከሳሪስ ወደ ጎተራ መንገዱ ተጨናንቋል

ባለፈው እሁድ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰብስበን ሳለ፣ የአገራችንን ሬዲዮ ከሩቅ ስለመስማት የተናገርኩት ነው። አንዳንዶቻችሁ "ጻፈውና እናንብበው" ስላላችሁኝ ጻፍኩት። ያን ቀን ካሰብኩት እየወጣሁ ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ፤ ስጽፈውም አላቃናሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪፈላ አንተ አውራ ተብዬ ነው የቆምኩት፤ ስለዚህ ጀበናው ሲወርድ ብታቋርጡኝ አልቀየምም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ነው። ጠዋት፣ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰውዬ ጭኜ ወደ ሬገን ኤርፖርት ስሄድ የአሥራ አራተኛው ጎዳና ድልድይ ላይ ቆምን። መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። እኔ ሬዲዮዬን እሰማለሁ። "ምንድን ነው የምትሰማው?" አለኝ። "የትራፊክ መረጃ ነው" አልኩት። ፊቱ በራ። "እና ምን ይላል?" "ከሳሪስ ወደ ጎተራ የሚወስደው መንገድ ተጨናንቋል ይላል።" ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "ጎተራ የት ነው?" ሲለኝ "አዲስ አበባ" አልኩት።

አትሳቁ፤ ቲፑን አልከለከለኝም። ግን የዚያ ሰውዬ ፊት ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነቱን ነው እኮ። ቨርጂኒያ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው የጎተራ መንገድ ቢዘጋ ባይዘጋ ምን ያደርግለታል? እዚህ ክፍል ውስጥ ካለነው ስንቶቻችን ነን የአዲስ አበባን የትራፊክ ወሬ የምንሰማ? እጅ አውጡ እስቲ። (ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ።) አያችሁ፣ ብቻዬን አላበድኩም።

ወደ ኋላ ልመለስ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሬዲዮ ነበረው፤ እናቴ የሠራችው ዳንቴል ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጥ። ልጅ አይነካውም። ድንጋዩ ሲደክም አባቴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ እኛ ዶሮ እንዳይጥለው እንጠብቃለን። ፀሐይ ጠጥቶ ሲመለስ ለአንድ ሁለት ቀን ያወራል፤ ከዚያ ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ፣ ዜና አንባቢው የታመመ ሰው ይመስላል።

አባቴ ማታ ማታ የሚሰማው የአገሩን ሬዲዮ ብቻ አልነበረም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ከጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 መጣ፣ ደርግ ባለበት ዘመን። ያኔ በሩ ይዘጋል፣ ድምፁ ይቀነሳል፣ አባቴ ጆሮውን ዳንቴሉ ላይ ይለጥፋል። በገዛ አገራችን ምን እንደሆነ ለማወቅ የጀርመኗን ኮሎኝንና ዋሽንግተንን ነበር የምንሰማው። እኔ ይኸው ዋሽንግተን መጣሁና አዲስ አበባን ለመስማት ጆሮዬን እለጥፋለሁ። አባቴ ቢያየኝ ምን እንደሚል እንጃ።

በዲቪ የመጣሁት በ1990 ነው። በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ክረምት፣ የፈረንጁ ክረምት፣ በረዶው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። አንድ የቆየ ሰው፣ ጋሼ ነው የምለው፣ "አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ግዛ፣ ሌሊት አዲስ አበባ ይገባል" አለኝ። አላመንኩትም። ያገለገለ ሬዲዮ ገዛሁ። አንቴናው ብቻውን አይበቃም ስላለኝ ከበረንዳዬ እስከ ፊት ለፊቱ ዛፍ ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ። የሕንጻው ኃላፊ ልብስ ማስጫ መስሎት ሁለት ጊዜ አስፈታኝ። እኔም ሁለቴ መልሼ ሰቀልኩት፤ ሁለተኛውን በጥቁር ሽቦ።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ያኔ ጠዋት የሚከፍተው 12 ሰዓት ላይ ነበር። እዚህ በበረዶው ወራት ማታ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ይሆናል። እና ያ ሰዓት እድለኛ ሰዓት ነው። አጭር ሞገድ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ወደ ላይ ይወጣና ከሰማዩ የላይኛው ንብርብር ጋር ተላትሞ ይወርዳል፣ መሬት ነክቶ እንደገና ይነጥራል። እንደ ኳስ በሉት። በ9 ሺህና በ7 ሺህ ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ሩቅ የሚሄደው መንገዱ ሲጨልም ነው። አዲስ አበባ ገና ሊነጋ ሲል፣ አትላንቲክ ሲጨልም፣ እኛ ጋ ማታ ሲሆን፣ ማሰራጫው ካለበት ከጌጃ የተነሳው ድምፅ ጨለማ ለጨለማ እየነጠረ ሜሪላንድ ይደርሳል። 9705 ላይ ወይም 7110 ላይ።

7110 ላይ ሁልጊዜ አንድ ቲክ ቲክ፣ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ነበረ። እኔ፣ የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ መንግሥት እያፈነው ነው ብዬ ደመደምኩ። የትኛው መንግሥት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ለካ አሜሪካ ውስጥ ያ ቦታ ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች የተፈቀደ ነው፤ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ከየቤታቸው በሞርስ፣ በዚያ በቲክ ቲኩ ፊደል፣ እየተጨዋወቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የረገምኳቸው ሽማግሌዎች ስለ አየር ጠባይ ሲያወሩ ነበር።

ጌጃን ካነሳሁ አይቀር። ያ ቦታ ቀድሞ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ማሰራጫ ነበረ። ብሥራተ ወንጌል እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካም ወደ እስያም ያሰራጭ ነበር፣ ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ሲቀረው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ሆነው ለአሜሪካ ሕዝብ በሬዲዮ ተናግረዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ውቅያኖስ የሚሻገር ድምፅ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር እዚህ ማዶ በአማርኛ የሚሰማው ሰው መብዛቱ ነው።

ታዲያ ምን እሰማ ነበር? ዜናውን? ዜናውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። "ተቀብለው አነጋገሩ።" "አስገነዘቡ።" "አሳሰቡ።" "ጥሪያቸውን አቀረቡ።" በሦስት መንግሥት ያልተለወጠ ግስ ነው። የአገራችንን ሬዲዮ "የሕዝብ ሬዲዮ" ልበለው "የመንግሥት ሬዲዮ" ልበለው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ማን ምን እንዳለ ከመስማት ይልቅ ምን እንዳልተባለ መስማት የተማርነው ከዚያው ሬዲዮ ነው። እዚህ ታክሲ ውስጥ የሚገቡ ፈረንጆች የራሳቸውን የሕዝብ ሬዲዮ፣ 88.5ን፣ ክፈትልኝ ይሉኛል። እሱ ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ገንዘብ አዋጡ እያለ ይለምናል። መጀመሪያ ሲለምን ስሰማ አፈርኩለት። ኋላ ገባኝ፤ ደሞዙን የሚከፍለው ሰው ማን እንደሆነ በአደባባይ መናገሩ ነው።

ግን እኔን ሽቦ ያሰቀለኝ ዜናው አልነበረም። ከዜናው በኋላ የሚመጣው ነበር። ማስታወቂያው። "አቶ እገሌ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…" የሚለው። ከቤት ወጥቶ የጠፋ ልጅ፣ የለበሰው ሹራብ ቀለም፣ ያየ ሰው እንዲደውል። የጨረታ ሰነድ የማይመለስ ብር ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። በዘፈን ምርጫ ደግሞ አንድ ሰው ደብዳቤ ልኮ የሃያ ሰው ስም ያስጠራል፣ ጎረቤት፣ የክርስትና እናት፣ የሥራ ባልደረባ፣ "እንዲሁም ስማችሁን ያልጠራኋችሁ እንዳትቀየሙኝ"፤ ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ ዘፈኑ ግማሹ አልፏል። ሰው የሚሰማው ዘፈኑን አልነበረም እኮ፣ ስሙን ነው።

እና እነዚህ ሁሉ ለእኔ የተባሉ አይደሉም። ልላችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። ያ ሬዲዮ እኔ መኖሬን አያውቅም። ወደ እኔ ዞሮ "ውድ በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን" አይለኝም። እዚያው ላሉት ሰዎች ነው የሚያወራው፤ እኔ በመስኮት ነው የምሰማው። የእናንተ ጎረቤት በአጥር ወዲያ ስለ ውሃ ወረፋ ሲጨቃጨቅ እንደመስማት ነው። አሁን ደግሞ ለእኛ ተብሎ የሚሠራ ሞልቷል፤ ዩቲዩቡ፣ ሌሊት ሙሉ የሚጮኸው፣ "ሰበር" የሚለው፣ ፎቶው ላይ ቀይ ቀስት ያለበት። እሱ እኔን ያውቀኛል። ምን እንደሚያስፈራኝ፣ ምን እንደሚያናድደኝ፣ ስንት ሰዓት ላይ ብቻዬን እንደምሆን ያውቃል። አንድ ሰዓት ሰምቼ ስነሳ አገሬ ዛሬ ማታ የምታልቅ ይመስለኛል። ከዚያ የአዲስ አበባውን ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ አንዲት ሴት የበርበሬ ዋጋ ጨመረ ብላ ደውላለች። ተመስገን እላለሁ። በርበሬው ተወዶ አይደለም፣ እሷ ደውላ በመቆጣቷ።

ይህን ስል ክፉ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ሁላችንም ቤት ገብቷል። ግን ጦርነት ባለበት አገርም ሰው እንጀራ ይጋግራል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘግባል፤ ያንን ግማሽ የሚነግረኝ ለእኔ ያልተሠራው ሬዲዮ ነው።

አጭር ሞገዱን ተውን እንጂ መስማቱን አልተውንም። መካከል ላይ የስልኩ ዘመን ነበረ፣ ታስታውሱታላችሁ። አንድ የአሜሪካ ቁጥር ትደውላላችሁ፣ በስልኩ ውስጥ ሬዲዮ ይመጣል። ኢንተርኔት የለ፣ ዳታ የለ፣ ተራ ጥሪ ነው። ደቂቃው ያልተገደበ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ መጠበቂያው ላይ አንድ ስልክ ኮፈን ላይ ተቀምጦ አራት ሾፌር ዙሪያውን ቆሞ ይሰማል፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ ባለስልኩ ወሬውን ይዞ ይሄዳል፣ እኛ ግማሽ ታሪክ ይዘን እንቀራለን። መኪና ማቆሚያ ስሠራ ደግሞ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ። እዚያ ስልክ አይገባም። አንደኛው ፎቅ መወጣጫው ጋ ግን ሁለት ክንድ የምታህል ቦታ ነበረች፣ ስልክ የሚይዝባት። የምሳ ሰዓቴን ለስድስት ወር እዚያች ቦታ ላይ ቆሜ በላሁ።

ከዚያ ኢንተርኔቱ መጣና ኤፍኤሙን ይዞልን መጣ። ኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ይመልሰዋል። 97.1 በ1992 ሲከፈት እኔ የለሁም። ሸገር 102.1 በ2000 ሲጀምር የለሁም። ሸገር የግል ነው፣ የሕዝብ አይደለም አትበሉኝ፤ የመዓዛ ብሩን የጨዋታ እንግዳ እዚህ ማቆሚያ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሥራውን እየሠራ የሚሰማው ነው። ደብረ ሲና ያለው አጎቴ የአዲስ አበባውን ኤፍኤም በሬዲዮው አያገኝም ነበር። እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተኝቼ እሰማዋለሁ። ይህን ስነግረው "እንግዲህ ደህና ሁን፣ እኔ ነኝ ስደተኛው" አለኝ።

በዚህ ኤፍኤም ነው አዲሱን አዲስ አበባ የተማርኩት። እኔ ስወጣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚባል የለም። ሰሚት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ እነዚህን ስሞች መጀመሪያ የሰማሁት በትራፊክ መረጃና በመብራት ማስታወቂያ ነው። ካርታ ላይ እየፈለግኩ አንድ በአንድ አወቅኳቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስሄድ የእህቴ ልጅ ከቦሌ ይዞኝ ሲወጣ "በዚህ አትሂድ፣ በዚህ ሰዓት ይዘጋል" አልኩት። ዞሮ አየኝ። ተዘግቶ ነበር።

የእናቴን ደግሞ ስሙ። ማታ ተኝቼ እየሰማሁ ነው። ነገ መብራት የሚቋረጥባቸውን ሰፈሮች ይዘረዝራል። ሰፈሩ ተጠራ፤ አሁን እናቴ ኮተቤ ናት። ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መብራት የለም። ደወልኩ።

"እማዬ፣ ነገ መብራት ይጠፋል፤ እንጀራውን ዛሬ ጋግሪ።"

"ማን አለ?"

"ሬዲዮው።"

"እኔ ጋ ሬዲዮ ጠፍቷል፣ መብራት የለም።"

ቀደም ብሎ ጠፍቷል! እሷ ታዲያ አልተበገረችም። በሳምንቱ ጠዋት ደወለች። "እናንተ ጋ በረዶ ሊጥል ነው፣ ዋሽንግተን ሲሉ ሰማሁ፣ ካፖርትህን ልበስ።" በመስኮት አየሁ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ማታ ሲሆን እስከ ጉልበት ጣለ።

የሰዓቱን ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እዚህ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባለው የበጋ ሰዓት፣ ሰዓቱ በአንድ ወደፊት በሚገፋበት ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ልዩነት 7 ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ተጣፍተው አንድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በፈረንጅ ሰዓታችሁ ላይ አንድ ጨምሩ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። እዚህ ቀን 1 ከሆነ እዚያ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ነው። በብርድ ወራት ሁለት ጨምሩ። አዲስ አበባ ሰዓቱን አይነካም፣ የምንዘለው እኛ ነን። ኅዳር ላይ ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲያልፋችሁ ጣቢያውን አትሳደቡ።

ቤይሩት የነበረችው የአክስቴ ልጅ ይህን ሂሳብ አታውቀውም፤ በበጋ ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። በሻሿ ውስጥ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ደብቃ፣ ሌላውን ጆሮ ለማዳሟ ትታ ነበር የምትሠራው። "ግራው ጆሮዬ አገሬ ነው የሚውለው" ትላለች። ጠዋት ቤት ስትወለውል እናቷም እዚያው ሰዓት ቤት እየወለወለች ያንኑ ፕሮግራም ትሰማለች። ማታ ሲደዋወሉ ስለራሳቸው ሳይሆን ስለ ፕሮግራሙ ነው የሚያወሩት። እስራኤል ያሉት ደግሞ ሌላ ናቸው፤ እነሱ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮ ራሱ፣ ረቃ የሚባለው፣ በአማርኛ ያወራላቸዋል። የአውስትራሊያው የሕዝብ ሬዲዮ ኤስቢኤስም አማርኛ አለው። ጥሩ ነገር ነው፤ አዲሱን አገር በእናት ቋንቋ ያስረዳል። የኮተቤን መብራት ግን አይነግርም።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው እዚህ አለ? አለ፣ እነ እትዬ። አንድ የማውቀው ጎልማሳ፣ እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛ ማንበብ አይችልም። መጽሐፉን አያውቀውም። ትረካውን ግን ከአባቱ መኪና ውስጥ ሰምቶ ሰምቶ፣ አንዳንድ ቦታ በቃሉ ይለዋል፣ በወጋየሁ አነጋገር። ልጁ አሜሪካዊ ነው፣ አማርኛው የጎጃም ባላባት አማርኛ ነው። ምሳ ሲጋብዙት እንደ ፊታውራሪ ነው የሚያመሰግነው።

በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ እናቴን በቫይበር ማግኘት አልቻልኩም፣ የምሰማበት መስመርም ዝም አለ። ያን አሮጌ ሬዲዮ ከመኝታ ቤት ሣጥን አወጣሁት። ሽቦ ሰቀልኩ፤ ኃላፊው ሌላ ሰው ሆኗል፣ ይኸኛው ምንም አላለኝም። 9705 ላይ አደረግኩት። ሹሹሹ ብቻ። የስልኩ ቻርጀር፣ የኤልኢዲው መብራት፣ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም በዚያ ሞገድ ላይ ይጮኻሉ። አምፖሉን አጠፋሁ፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ፍሪጁንም ነቀልኩት። በጨለማ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሹሹታ ሰማሁ። ቲክ ቲክ ያሉትን ሽማግሌዎች ሳይቀር ናፈቅኳቸው። ባለቤቴ በማግስቱ ስለ ሥጋው ያለችኝን እዚህ አልናገርም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ከመቀመጤ በፊት አንድ ሙከራ እናድርግ። አሁን ቀን 2 ሰዓት ከሩብ ነው፤ አንድ ጨምሩ፣ የምሽቱ 3 ከሩብ። ስልኬን ከማይኩ ጋር ላስጠጋው፣ ምን እንደሚል አብረን እንስማ።

(ስልኩን አስጠጋሁት። ክቡ ዞረ፣ ዞረ። አንድ ሰው "ዋይፋዩን አጥፋው" አለኝ። አጠፋሁት። ዝምታ። ከዚያ አንድ ወንድ በሙሉ ድምፁ ወጣ፦ "…ጥራቱን የጠበቀ የጣሪያ ቆርቆሮ በተመጣጣኝ ዋጋ! አድራሻችን፣ ሳሪስ፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርሱ፤ ስልክ ቁጥራችን ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ…" አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ግን አልሳቁም፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ብዕር እየፈለጉ "ዝም በሉ እስቲ፣ ቁጥሩን ልጻፍ" አሉ።)